ሰባት ቤት ስንቆጥር የዘለልናት

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «አባዬ፣ እኛ የማን ዘር ነን?» አለችኝ። ደነገጥኩ። በዚህ ጊዜ አንድ ልጅ «ዘር» የሚል ቃል ይዞ ወደ ቤት ሲገባ የማይደነግጥ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። «ማነው እንዲህ ብሎ የጠየቀሽ?» አልኳት ድምፄን ቀነስ አድርጌ። «የአማርኛ መምህራችን» አለችና ደብተሯን ዘረጋችልኝ።

የቤት ሥራው የቤተሰባችሁን ታላላቆች ጠይቁ ይላል። የትውልድ ሐረጋችሁን እስከምትችሉት ቁጠሩ፤ በካርቶን ላይ በዛፍ መልክ ሳሉት፤ ከዚያ ከዛፉ ላይ አንድ ሰው መርጣችሁ ስለዚያ ሰው ሦስት ገጽ ድርሰት ጻፉ። ልቤ ተመለሰ። እንዲያውም ደስ አለኝ። በእኛ ጊዜ የአማርኛ ትምህርት ማለት ግስና ቅጽል መለየት ነበር። ታላላቆቹን ጠይቆ፣ የሰማውን መዝግቦ፣ ከዚያ በራሱ ቃል አስተካክሎ መጻፍ የቻለ ልጅ ግን ቋንቋ ተማረ ማለት ነው።

ደስታዬ የቆየው ካርቶኑ እስኪዘረጋ ድረስ ነው። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን ነገርኳት። ከዚያ በላይ ጭጭ። በሴቶቹ በኩልማ ከአያቶቼ ወዲያ አንድም ስም አላውቅም። ለነገሩ የስም አወጣጣችንም አያግዝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ቢደነግግም ሰሚ አላገኘም፤ ዛሬም የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው። አዲስ ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ አባት ከስሙ ጫፍ ላይ ይወድቃል። የእናት ስም ደግሞ መጀመሪያውኑ አልተሳፈረም።

«እትዬ ጋ እንሂድ» አልኳት።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አዲስ አበባ ከገቡ ሃምሳ ዓመት ቢሞላቸውም አነጋገራቸው ዛሬም የጎጃም ነው። ቡና እየተፈላ የመጣንበትን ጉዳይ ስንነግራቸው «ይኸማ ምን ችግር አለው?» አሉና ጀመሩ። ያን አቆጣጠር በሰማችሁት! መጀመሪያ አገሩን ካቀናው አባት ተነስተው፣ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያሉ ዘጠኝ ትውልድ ሳይተነፍሱ ወርደው ልጄ ጋ ደረሱ። ከእያንዳንዱ ስም ጋር መሬት አለ። ይኸኛው ከወንዙ በላይ ያለውን የያዘው ነው፤ ያቺኛዋ ከወንድሟ ተሟግታ ተዳፋቱን የተካፈለችው ናት። ልጄ መጻፉን ትታ አፍ አፋቸውን ታያለች።

«እማማ፣ ይኼን ሁሉ እንዴት አስታወሱት?»

እትዬ ሳቁ። «እኔን ማን አስጠናኝ ብለሽ ነው ልጄ! አባቴ ወንድሞቼን ሲያስጠና እኔ ጥጥ እየፈተልኩ ሰምቼ ነው። ሲሳሳቱ በአርጩሜ ነበር የሚላቸው። ይኸን የማያውቅ ሰው እኮ ድሮ ርስት አይበላም።»

እትዬ በአንድ አፍ የተናገሩት ነገር ሊቃውንት መጽሐፍ የጻፉበት ጉዳይ ነው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይና በመሳሰሉት አገሮች የርስት መብት የሚገኘው ከትውልድ ነበር። መሬቱን በመጀመሪያ ያቀናው አባት ይታወቃል። ከእሱ መወለዱን ማስረዳት የቻለ ሰው፣ በአባቱም ይሁን በእናቱ በኩል፣ ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ መሟገት ይችላል። ማስረጃው ደግሞ ወረቀት አይደለም፤ የሽማግሌ ምስክርና የትውልድ ቆጠራ ነው። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ጎጃም ውስጥ ኖሮ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ከጥናቱ የምንረዳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሰው በብዙ የትውልድ መስመር ርስት መጠየቅ ቢችልም በተግባር ይዞ የሚከታተለው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የሚያዋጣውን ይይዛል፣ የማያዋጣውን ይተዋል።

ሌላው የቆጠራ ምክንያት ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ይቆጥራሉ። እንግዲህ ቆጠራው በአንድ በኩል ለመሬት፣ በሌላ በኩል ለትዳር ነበር ማለት ነው። ለትዝታ ብሎ የቆጠረ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ፤ ርስት በአንድ ቀን ሕጋዊ ዋጋውን አጣ። አዋጁን ልወቅስ አይደለም፤ ጭሰኛ ለነበረው ሰው ምን ማለት እንደነበረ ይታወቃል። የአርጩሜው ትምህርት ግን ያኔ አበቃ። መሬት የማያስገኝ ዘጠኝ አባት ልጁን ማን ያስጠናል? አባቴ ለእኔ አላስጠናኝም። እኔ ሦስተኛው ስም ላይ የቆምኩት ስለሰነፍኩ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ወደ እትዬ ቤት ልመለስ። ልጄ የተነገራትን ሁሉ ካርቶኑ ላይ ካሰፈረች በኋላ እርሳሷን አፏ ላይ አድርጋ ትቆጥር ጀመር። ሒሳብ ትወዳለች። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ወላጅ አለው፤ አራት አያት፤ ስምንት ቅድመ አያት። ሰባተኛው ቤት ላይ ስትደርስ 128 ሰው ይሆናል። ከአንድ እስከ ሰባት ያለው ሲደመር 254 ነው። «አባዬ፣ ሰባት ቤት ቆጠርን ስትሉ እኮ የምትጠሩት ሰባት ሰው ብቻ ነው። ሁለት መቶ አርባ ሰባቱ የት ሄዱ?»

መልስ አልነበረኝም። እሷ ግን ባዶ ቦታዎቹን በጣቷ እያሳየች ትጠይቃለች። «የእማማ እናት አባት እዚህ አለ። የእማማ እናት እናትስ?»

እትዬ ሲኒውን ወደ ረከቦቱ መለሱ። «እሷ የዚያ አገር ሰው አይደለችም» አሉ።

«የየት አገር ሰው ናት?»

«ከአባይ ማዶ የመጣች ናት።»

«ማን ነበር ስሟ? የአባቷስ?»

ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። እኔ ነገሩ ገብቶኝ ልጄን በዓይኔ ልገታት ስል እትዬ ራሳቸው ተናገሩ። «በልጅነቷ ገዝተው ያመጧት ናት። ለቤቱ። ኋላ ጌታው ወለደባትና እናቴ ተወለደች።» ስም አላት፤ ጌታው ያወጣላት ነው። የእናቷ ስም፣ የአባቷ ስም፣ እናቷ ያወጣችላት ስም አይታወቅም።

እንግዲህ አያቴ በአባቷ በኩል ተቆጥራ ርስት ተካፍላለች። በዚያ ዘመን ከጌታው የተወለደ ልጅ በአባቱ ከታወቀ ይቆጠር ነበርና። እናቷ ግን ርስት የምታወርስ አይደለችምና ማንም አልቆጠራትም። ከላይ ያልኩትን አስታውሱ፤ የሚያዋጣው ይያዛል፣ የማያዋጣው ይተዋል።

ይህቺ ሴት በእኛ ቤት ብቻ የነበረች አይደለችም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከእናርያና ከከፋ አገር የሚነሳው የነጋዴ መንገድ ጉድሩን አልፎ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ጎጃም ባሶ ገበያ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። በዚያ መንገድ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልሄደም፤ ሰውም ተነድቷል። ሁሉም ባሕር አልተሻገረም። እዚሁ የቀረው፣ ከእኛው ቤት የገባው፣ እንጀራችንን የጋገረውና ውኃችንን የቀዳው ብዙ ነው።

ሕጉ አዝግሞ ነው የመጣ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን እንደምታስቀር ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተጨመረ። ባርነትን ፈጽሞ የሻረው አዋጅ የታወጀው ግን ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። የሚገርመኝ የ1923 ነገር ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሡን ትውልድ ሳይቋረጥ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከዚያም እስከ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ቆጥሮ በአንቀጽ አስፍሮታል። በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው ሕግ ሦስት ሺህ ዓመት የሚቆጠርለትን ሰው ዘር ሲጽፍ፣ ሌላኛው የእናቱን ስም እንኳ የማያውቀውን ሰው ነፃ ለማውጣት ይታገል ነበር።

ደግሞስ በታላላቆቹ ታሪክ ውስጥ ቢሆን እነዚህ ሰዎች መች ጠፉ? ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ከምኒልክ ቤት የገቡ ናቸው። የራሳቸው የአፄ ምኒልክ እናት ወይዘሮ እጅጋየሁ ቤተ መንግሥቱን በአገልጋይነት እንዳወቁት ይነገራል። እነዚህ ዕድልና ሥራቸው አነሳቸው፤ ስማቸውም ቀረ። የእኛዋ አሮጊት ግን ፊታውራሪም የንጉሥ እናትም አልሆነችም።

እትዬ የሚያስታውሷት በጥቂቱ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ሞታለች። አዋጁ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ፤ በሕግ ነፃ ሰው ናት። «መደብ ላይ ውጪ ስትባል እሺ አትልም ነበር» አሉ እትዬ። «ከደጃፉ ጥግ ነው የምትቀመጥ። ገበታ ሲቀርብም እዚያው። እናቴ እጇን ይዛ ትጎትታታለች፤ 'ተይኝ፣ እዚህ ይሻለኛል' ትላለች። ለእኛ ለልጆቹ ግን ከነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ፈታ ትሰጠን ነበር።» ይኸን ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ሰማንያ ዓመት ያልተወራ ወሬ ነው።

ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ስሙና የወላጆቹ ስም ተጽፎ የቀረበት አጋጣሚ መኖሩን ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ሳነብ ነው። በመስከረም 1888 እ.ኤ.አ. ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎች ያዘች። ከተገኙት አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ኤደን አጠገብ ለነበረ የስኮትላንድ ሚሲዮን ተሰጡ፤ በ1890 ደግሞ 64ቱ ደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የሎቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የሚሲዮኑ ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው ጠየቁት። አገርህ የት ነው? አባትህ ማን ይባላል? እናትህስ? እንዴት ተያዝክ? በየት አለፍክ? መልሱን ጻፉት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሳንድራ ሼል የተባለች ደቡብ አፍሪካዊት የታሪክ ተመራማሪ ያንን መዝገብ መሠረት አድርጋ በ2018 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጣች።

ከ64ቱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። አድጋ አስተማሪ ሆነች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ነው፤ ከ1964 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በሮበን ደሴት የታሰረው፣ በኋላም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተው ምሁር። እሱም አያቱ ከየት እንደመጣች የሰማው በወጣትነቱ ነው። ቤተሰቡ ለልጆቹ አላወራም ነበር። ደቡብ አፍሪካም ሄደው ዝም ብለዋል፣ እኛም እዚህ ዝም ብለናል። ልዩነቱ የሎቭዴሎቹን ልጆች የጠየቃቸው መኖሩ ነው። የእኛዋ ልጅ በዚያው ዘመን ግድም አባይን ስትሻገር የአባትሽ ስም ማነው ያላት አንድም ሰው የለም። ወይም ብሏት ይሆናል፤ የጻፈው የለም።

ከእትዬ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ልጄ «የምጽፈው ስለ እሷ ነው» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አልደፈርኩም። «መጀመሪያ አገሩን ስላቀናው አባት ብትጽፊ አይሻልም? ብዙ ታሪክ አለው» አልኳት። ለእሷ የሰጋሁ መስሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ አንዱ ባለጌ ቃል ቢወረውርባትስ? ያ ቃል ዛሬም በየሰፈሩ ስድብ ነው፤ ዛሬም በየሽምግልናው ትዳር ያፈርሳል። ሌሊት ሳሰላስለው ግን የፈራሁት ለራሴ ነው። ዘጠኝ አባት ቆጥሮ የመጣ ሰው አሥረኛዋን ሴት ልጁ በካርቶን ይዛበት ስትወጣ አፈረ። ጠዋት «እስቲ እትዬን ሳናስፈቅድ አይሆንም» ብዬ ነገሩን አጓተትኩት። ካርቶኑ ላይ ያ ቦታ ባዶውን ሰነበተ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ደወሉ። እሳቸው ስልክ የሚደውሉት ሰው ሲሞት ነው።

«ልጅቷ ጻፈች?»

«አልጻፈችም። እርስዎን ሳናስፈቅድ...»

«እኔ ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው ነው የሰነበትኩ። አንተ፣ ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ረዓብን ዘለላት?»

መልስ አጣሁ። ካባ ለብሶ ከሚሰብክ ሰው ይኸን አልሰማሁም። ማቴዎስ ወንጌሉን የሚጀምረው በትውልድ ቆጠራ ነው። አባት አባቱን እየቆጠረ ይሄድና ከእመቤታችን በፊት አራት ሴቶችን ያነሳል። ሣራን አይደለም፣ ርብቃን አይደለም። ትዕማርን፣ የኢያሪኮዋን ረዓብን፣ ሞዓባዊቷን ሩትንና የኦርዮን ሚስት ነው። ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ይለፉ የሚላቸውን መርጦ የጻፈ ይመስላል። እኛ ይህን ምዕራፍ ስንሰማ ኖረናል፤ የራሳችንን ስንቆጥር ግን እናልፋታለን።

«ትጻፋት» አሉ እትዬ። «ከደጃፍ ትግባ እንግዲህ። የእኔን ስም ግን እንዳታነሱ።»

ልጄ ጻፈች። ስለዚያች ሴት የምታውቀው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ከአባይ ማዶ መምጣቷን፣ ስሟ የራሷ አለመሆኑን፣ ከደጃፍ መቀመጧንና የነጠላዋን ቆሎ። በአራት ነገር ሦስት ገጽ አይሞላም። የቀረውን በጥያቄ ሞላችው። ስትወሰድ ስንት ዓመቷ ነበር? እናቷ ፈልጋታለች? አባይን ስትሻገር ውኃው ሞልቶ ነበር ወይስ ጎድሎ? የመጀመሪያዋን ሌሊት በምን ቋንቋ አለቀሰች? ካርቶኑ ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ሠራችላት። በታችኛው የቤቱ ጌታ ያወጣላትን ስም ጻፈች። የላይኛውን ባዶ ተወችው፤ እናቷ ላወጣችላት ስም።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ መለስ ብዬ አየሁት። የዘመዶቼን አንድም ስም አልጻፍኩም። እትዬ እንዳታነሱ ስላሉ ነው ብዬ ማሳበብ እችላለሁ። የሰባተኛ ክፍል ካርቶን ግን ከእኔ ዓምድ ይልቅ ደፍሯል።

ቆጠራ ለመሬት የነበረበት ዘመን አልፏል። አሁን ዘር መቁጠር የሚባለው ደግሞ ማን ከማን እንደሚለይ ለማወቅ ሆኗል። የዚያች መምህር የቤት ሥራ ግን ሌላ ዓይነት ቆጠራ አሳየኝ። የሚካፈሉት ነገር ስለሌለ የሚደበቅበት ምክንያትም ያነሰበት ቆጠራ ነው። እትዬን የመሳሰሉ ሰዎች በየቤታችን ጥቂት ቀርተዋል። ሄዳችሁ ስትጠይቋቸው መጀመሪያ የሚነግሯችሁ መደብ ላይ ስለተቀመጡት ነው፤ ጻፉት። ከዚያ ግን ቶሎ አትነሱ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ቆዩና ከደጃፉ ማን ይቀመጥ እንደነበር ጠይቋቸው።